ሎሚና አመድ የነካው ሳንቲም

ከአረብ አገር ስመለስ እናቴ አንገት ላይ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈበት አረንጓዴ ነገር ነው። ከማተቧ ጋር የምታስረው የንጉሡ ዘመን የነሐስ ሳንቲም ነበር፤ ሟች አባቴ በተጋቡ ሰሞን ራሱ በስቶ የሰጣት። ሳንቲሙ ጠቁሯል፤ በጥቁረቱ ላይ ደግሞ እንደ ሻጋታ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ወጥቶበታል። ሲነኩት ይረግፋል፣ ቆዳዋንም ያቀልማል።

ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት ያገለገልኩበት ቤት አባወራ አሮጌ ሳንቲም ሰብሳቢ ነበር። መደርደሪያውን ስወለውል አጠገቤ ቆሞ "አቧራውን እንጂ ቆዳውን እንዳትነኪ" ይለኝ ነበር። ነሐስ በዘመን ብዛት የሚያወጣው ጥቁር ቆዳ ይጠብቀዋል፤ አረንጓዴው ዱቄት ግን ከላብ ጨው የሚመጣ ነው፣ ካልተወገደ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ከዚያ ቤት ከደመወዜ ሌላ ይዤ የወጣሁት ቁም ነገር ይህ ብቻ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ "እስከ ፋሲካ ስጪኝ፣ አድነዋለሁ" አልኳት። አንገቷን እየዳበሰች ፈታችልኝ። ከአባቴ የቀራት እሱ ብቻ ነውና፣ ባዶ አንገቷን ሳይ የገባሁት ቃል ከበደኝ።

ደብረ ታቦር ካለ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ለባትሪ የሚጨመር የተጣራ ውሃ ገዛሁ። ዱቄቱን በስቴኪኒ ጫፍ ለቅሜ ሳንቲሙን በብርጭቆ ዘፈዘፍኩት፤ ውሃውን በየሳምንቱ ቀየርኩ። ጨው የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። ችኩል ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እኔም ችኩል ነኝ፣ ግን ቻልኩት። በሰባተኛው ሳምንት አረንጓዴው ቆመ፤ ጥቁሩ ቆዳ ሳይነካ የተቀረጸበት አንበሳ ከነጎፈሩ ታየ።

የሆሳዕና ማግስት ለለቅሶ አንበሳሜ ሄጄ አደርኩ። ስመለስ ሳንቲሙ መስኮቱ ላይ ያብረቀርቃል። እናቴ፣ የቤተ ክርስቲያን የናስ ዕቃ ለበዓል እንደሚታሸው፣ በሎሚና በአመድ ፈትጋዋለች።

"እይው እስቲ፣ አላማረበትም?" አለችኝ።

"ገደልሽው እኮ" አልኳት። "የባልሽን ዕቃ እንኳ መጠበቅ አትችይም" አልኳት። ሌላም ብዙ አልኩ፤ መጻፉ ያሳፍረኛል። የሎሚውን ልጣጭ ሰብስባ ወጣች።

ጥቁረቱን መመለስ ይቻላል። የተቀቀለ እንቁላል ይጨፈለቅና፣ ሳንቲሙን ሳይነካው፣ ከእሱ ጋር ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ ይዘጋል፤ ሽታው ራሱ ነሐሱን በሰዓታት ውስጥ ያጠቁረዋል። ጣጣው ጾም መሆኑ ነው።

"ለመብላት አይደለም እኮ እማዬ፣ ለሳንቲሙ ነው" ብላት፣

"ድስቱ ይህን አያውቅም" አለችኝ።

የሎሚው ርዝራዥ እንዲወጣለት መልሼ ዘፈዘፍኩትና እንደተኮራረፍን ሳምንቱ አለቀ።

የፋሲካ ዕለት ረፋዱ ላይ ሦስት እንቁላል ቀቅዬ ስልጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጥቁረቱን ይህን ያህል ለምን ፈለግሽው ልጄ?"

"የአባቴ ዘመን ምልክት ነዋ።"

"የምን የአባትሽ ዘመን" አለች። "እሱ ከሰጠኝ ጀምሮ በየፋሲካው በሎሚና በአመድ ሳሸው ነው የኖርኩ። የተውኩት አንቺ ስትሄጂ ነው። ልጄ በሰው አገር ሆና ለማን ብዬ አምራለሁ አልኩ። ያ ጥቁረት ያንቺው ስድስት ዓመት ነው።"

የያዝኩትን እንቁላል ሳህኑ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ልጅ ሳለሁ በበዓል ጠዋት አቅፋ ስትስመኝ ግንባሬን የሚነካኝ፣ የሚያብለጨልጭ ቀዝቃዛ ነገር እንደነበረ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እኔ ያንን ሳላስታውስ ሰው ልቆጣ።

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ተይው እንጂ፣ ዛሬ ፋሲካ ነው።"

ከጧፍ ላይ ትንሽ ሰም አቅልጬ፣ ላብ እንዳያገኘው ሳንቲሙን ስስ አድርጌ ቀባሁት። እንዳብረቀረቀ በአዲስ ክር አንገቷ ላይ አሰርኩላት። እንቁላሎቹን በጨውና በሚጥሚጣ በላናቸው፤ ሦስተኛውን ለእኔ ገፋችልኝ።