አረንጓዴው ሹራብ የማን ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ የእናቴን መኝታ ቤት ክሎዜት፣ ግድግዳ ውስጥ የተሠራውን የልብስ ቁም ሣጥን፣ ላጸዳላት ገብቼ፣ ከልብሶቹ ሥር ተወሽቆ የቆየ አንድ አሮጌ ሻንጣ ጎትቼ ስከፍት፣ የናፍታሊንና የቆየ ሱፍ ሽታ አንድ ላይ ፊቴን መታኝ፤ ከአንሶላዎቹ ሥርም አንድ አረንጓዴ ሹራብ በጥንቃቄ ተጣጥፎ አየሁ። ሦስተኛው ቁልፉ ወድቆ በቡናማ ቁልፍ ተተክቷል። ሳላስበው እጄን ወደ እጅጌው ሰደድኩት፤ ወዲያው አርባ አንድ ዓመቴን ረስቼ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

እማዬ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለው በዚህ አፓርትመንት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ልትደፍን ምንም አልቀራት። አሁን ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ ስላለ ካልቨር ሲቲ እኔ ቤት ልትገባ ተስማምተናል፤ የማስረክባት ክፍል ክሎዜት ግን የዚህን ግማሽ አያክልም። ስለዚህ ሦስት ትልልቅ ከረጢቶች ይዤ መጣሁ፤ አንዱ ለሚቀረው፣ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ለሚሰጠው፣ አንዱ ለሚጣለው። እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ባሳየኋት ሁሉ «ኦኬ፣ እንዳልሽ» እያለች ትስማማና ፊቴን ዞር ሳደርግ ከሚጣለው እያወጣች ወደሚቀረው ትከታለች። ሆቴል ስትሠራ ያጠራቀመቻቸው ትንንሽ ሳሙናዎች በዚህ ዓይነት ሦስት ጊዜ ተጥለው ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል።

ሹራቡን ሳይ ግን ሳሙናውም ከረጢቱም ጠፋኝ። «የእትዬ ዘውዴ ሹራብ!» አልኩ።

እማዬ መነጽሯን አስተካክላ አየችው። «የምን ዘውዴ? የኔ ነው እንጂ» አለች።

አሜሪካ የገባነው እማዬ ቪዛ አግኝታ፣ እኔ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። አባቴ ከዚያ በፊት አርፏል። እማዬ ዌስትቼስተር፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ያለ ሆቴል ክፍል ታጸዳ ስለነበር በሁለት አውቶቡስ ሄዳ በሁለት አውቶቡስ ትመለሳለች፤ እኔ የማውቃት ወይ ጫማዋን ስታስር ወይ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ስታንቀላፋ ነው። ዓመት ሳይሞላን የልጅነት ጎረቤቷ እትዬ ዘውዴ እስክትቋቋም ብላ እኛ ዘንድ መጣችና አንድ ዓመት ተኩል አብራን ኖረች። እማዬና እኔ አልጋው ላይ፣ እትዬ ዘውዴ ከግድግዳው ጥግ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ እንተኛ ነበር። ክሎዜቱም ለሁለት ተከፍሎ ቀኙ የእማዬ፣ ግራው የእትዬ ዘውዴ ሆኖ የእኔ ሦስት ቀሚሶች እንደ ድንበር ጠባቂ መሃል ላይ ይንጠለጠሉ ነበር።

ከዚያ ዘመን ሁሉ አጥርቼ የማስታውሰው ጠዋቱን ነው። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴት እጄን ይዛ በፒኮ ጎዳና በኩል ወደ ትምህርት ቤት ትወስደኛለች። የጥር ጠዋት ሎስ አንጀለስም ቢሆን ይቀዘቅዛልና እጄን ከእጇ ጋር እጅጌዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ ሱፉ ይኮሰኩሳል፣ መዳፏ ግን ይሞቃል። እኔ የእግረኛ መንገዱን ስንጥቅ ላለመርገጥ ስዘል እሷ እርምጃዋን ታሳጥርልኛለች። መብራቱ ጋ ስንደርስ እጄን ጠበቅ ታደርጋለች፤ በሩ ጋ ስንደርስ አንገትጌዬን አስተካክላ «በቀኝ እግርሽ ግቢ» ትለኛለች፤ እኔም ቀኜ የትኛው እንደሆነ እስካሰላስል ደወሉ ይደወላል። ያቺ ሴት እትዬ ዘውዴ ነበረች። ቢያንስ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ለዚህ እምል ነበር።

በዚያው ዓመት አስተማሪያችን ቤተሰባችንን እንድንስል አዘዘችን። እኔ አንዲት ትንሽ ልጅና አንዲት አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴት ሳልኩ። አስተማሪዋ «እናትሽ ናት?» ስትለኝ፣ እትዬ ዘውዴ ምኔ እንደሆነች በእንግሊዝኛ ማስረዳት ስላቃተኝም፣ እንዲሆንም ስለፈለግኩ፣ «አዎ» አልኩ። የወላጆች ቀን እማዬ የሆቴሉን የሥራ ልብስ ሳትቀይር እየሮጠች መጣችና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል አየች። ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመች። እኔ ከወንበር ጀርባ ተደበቅኩ፤ እናቴን በሌላ ሴት ለውጬ እጅ ከፍንጅ ተይዣለሁና።

ከወር በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የክሎዜቱ ግራ ጎን ባዶ ነበር። እትዬ ዘውዴ ሲያትል ሄደች ተባልኩ። እማዬ በሥዕሉ ተቀይማ እንዳባረረቻት፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ያን ቀን ወሰንኩ፤ ለማንም ስላልነገርኩት ውሳኔውን የሚያርምልኝ አልነበረም። እማዬን ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። ከፍ ስል ደግሞ ጥፋቱን ከራሴ ላይ እያነሳሁ እሷ ላይ መጫን ለመድኩ፤ በተጣላን ቁጥር «አንቺ ትምህርት ቤት አድርሰሽኝ አታውቂም!» እላት ነበር። እሷ ግራ በገባው ዓይን አይታኝ ዝም ትላለች። ዝምታዋን እንደ ማመን ነበር የቆጠርኩት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ቅዳሜ ዕለት ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ የተከራከርኳት።

«ዘውዴኮ ጠዋት ጠዋት ፓርኪንግ ትሠራ ነበር» አለች እማዬ። «ጎህ ሳይቀድ ነው የምትወጣው፤ እንዴት አድርጋ ታደርስሻለች? እኔ ነኝ ይህን ለብሼ የምወስድሽ። ሥዕሉንስ ረሳሽው?»

«የቱን ሥዕል?» አልኳት፤ የቱን እንደሆነ እያወቅኩ።

«ትምህርት ቤት የሳልሽውን። ከነሹራቤ ስለሽኝ። እንባዬ እንዳይመጣ ብዬ ነው እዚያ ተገትሬ የቀረሁት። በማግስቱ ሆቴል ላሉት ሁሉ ስናገር ዋልኩ።»

ሹራቡን ጉልበቴ ላይ አጣጠፍኩት። «ታዲያ አድርሰሽኝ አታውቂም ስልሽ ለምን ዝም ትዪኝ ነበር?» አልኳት።

«በመኪና ማለትሽ መስሎኝ ነዋ» አለች። «የሌሎቹ እናቶች ድራይቭ እያደረጉ ነበር የሚያመጧቸው። እኔ መኪና አልነበረኝም። ምን ልበልሽ?»

ተነስቼ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። እዚያ ቆሜ ያቺን የጥር ጠዋት መልሼ ለማየት ሞከርኩ። እጅጌው አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ድምፁም አለ፤ ከአንገት በላይ ግን ፊቱ አንዴ የእትዬ ዘውዴ፣ አንዴ የእማዬ እየሆነ አልረጋ አለኝ። ሲጨንቀኝ ስልኬን አውጥቼ ሲያትል ደወልኩ። እትዬ ዘውዴ ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ ስትለን ኖራለች፤ እኔ ግን ስልኩን ቶሎ ለእማዬ አቀብል ነበር እንጂ አንድም ቀን ረጋ ብዬ አላወራኋትም።

«እትዬ፣ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የምታደርሺኝ አንቺ አልነበርሽም?» አልኳት።

«እኔም አደርስሽ ነበር፣ እናትሽም ታደርስሽ ነበር» አለች ሳትደነቅ። «የሁለታችንም ሺፍት በየሳምንቱ ይቀያየር ነበር። ጠዋት የተመቻት ትወስድሻለች።»

«አረንጓዴው ሹራብስ የማን ነው?»

ሳቀች። «የማንም። ቤተ ክርስቲያን የሰጡን ነው። በሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ቀድሞ የወጣ ይለብሰዋል። አንቺ ደግሞ መሬት መሬት እያየሽ ነበር የምትሄጂው። ማን እንደያዘሽ ቀና ብለሽ አይተሽ የምታውቂ አይመስለኝም።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከእኛ ቤት የወጣችው በሥዕሉ ምክንያት እንደሆነ ጠየቅኳት። የምን ሥዕል እንደሆነ አላወቀችም። ሲያትል የሄደችው የአክስቷ ልጅ ሥራ ስላገኘችላት ነው፤ አውሮፕላኑ የጠዋት ስለነበር ተኝቼ ሳለሁ ስማኝ ሄደች። ያ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩትን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር አወረደችልኝ፤ ቀለል ማለት ሲገባኝ ግን ዕቃው እንደተወሰደበት ሰው ባዶ እጄን ቆሜ ቀረሁ።

ተመልሼ ስገባ፣ ስልክ ስደውል የሰማችኝ እማዬ ዘውዴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። «ሁለታችሁም ታደርሱኝ ነበር አለች» አልኳት። እማዬ «ረስታ ነው፣ አርጅታለች» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሥዕሉ የማን እንደነበር አልነገርኳትም። ልንገራት ብልስ አሁን በምን አውቄ?

አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። «እስቲ አንድ ጠዋት አውሪልኝ» አልኳት። «አንቺ ያደረስሽኝን።»

አላሰበችም። አንድ ቀን እዚህ አገር ዘንቦ የማያውቅ ዓይነት ዝናብ ዘነበ አለች፤ እኔ አዲሱ ጫማዬ ይበላሻል ብዬ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አልነሳም አልኩ፤ እሷም ጫማዬን አውልቃ ብብቷ ውስጥ ወሽቃ፣ እኔን አዝላ፣ በዚያ ዝናብ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ወሰደችኝ። በሩ ጋ እግሬን በቀሚሷ ጫፍ አድርቃ ደረቁን ጫማ አጠለቀችልኝ። ሥራ አርፍዳ ስትደርስ አለቃዋ ወደ ቤት መለሳት፤ አውቶቡስ ውስጥ ግን ፈገግ እያለች ነበር የተመለሰችው፣ ምክንያቱም ጀርባዋ ላይ ሆኜ መንገዱን ሁሉ እዘፍንላት ነበር።

«ምን ነበር የምዘፍነው?» አልኳት።

ዜማውን ቀስ ብላ አንጎራጎረችው። በጥሞና አዳመጥኩ። እትዬ ዘውዴን ለሠላሳ ዓመት የናፈቅኩባቸው ጠዋቶች ስንቱ የእሷ፣ ስንቱ የእናቴ እንደነበር ከእንግዲህ ማንም ለይቶ አይሰጠኝም፤ ይህችኛዋ ጠዋት ግን ያለ ጥርጥር የእናቴ ብቻ ናት። ዝናቡን ፈለግኩ፣ ጫማውን ፈለግኩ፣ ጀርባዋን ፈለግኩ። እማዬ ማንጎራጎሯን ጨርሳ «አስታወስሽው?» ብላ አየችኝ። አላስታወስኩትም።