የወንድይፍራው ሞርሳ

የግርማ መንጋጋ ሲሰበር የሰጠው ድምፅ የደረቀ ዝግባ ሲፈለጥ ከሚሰጠው ድምፅ አይለይም ነበር። ይህን የሚናገረው ራሱ ወንድይፍራው ነው፤ አናጢ ነውና እንጨት ሲሰበር በጆሮው ያውቃል።

ነገሩ የሆነው በሰኔ ወር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና የአበሻ ምግብ ቤቶች ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ወንድይፍራው የማቆሚያው ጠባቂ፣ ግርማ ደግሞ ባለታክሲ ነበር። ግርማ መኪናውን መግቢያው ላይ ገትሮ አላነሣም አለ። ወንድይፍራው አንድ ጊዜ «ወንድሜ፣ ሙቭ አድርግልኝ» አለው፤ ሁለተኛም አለው። በሦስተኛው ግርማ በመስኮቱ ብቅ ብሎ የወንድይፍራውን የሞተች እናት ጠርቶ ሰደበው። ከዚያ በኋላ የሆነው ከአንድ ትንፋሽ አይረዝምም። ከጥበቃው ጎጆ በር ጀርባ ወንድይፍራው ራሱ የጠረበው ቆልማማ የገና ዱላ ቆሞ ነበር። ግርማ ከመኪናው እንደወረደ ተመትቶ አስፋልቱ ላይ ሲወድቅ ጥርሶቹ እንደ በቆሎ ፍሬ ተበተኑ።

ዳኛው በእስር ፈንታ የሦስት ዓመት ፕሮቤሽን ፈረዱበት፤ የሃምሳ ሁለት ሳምንት የቁጣ መቆጣጠሪያ ትምህርትም አዘዙበት። ጠበቃው ከችሎት ሲወጡ በአስተርጓሚ ቁርጡን ነገረው።

«ከእንግዲህ አንድ ጊዜ እጅህን በሰው ላይ ካነሣህ በመጀመሪያ እስር ቤት ነው፤ ቀጥሎ አውሮፕላን። ግሪን ካርዱን እርሳው።»

ሚስቱ ለተማርያም ያን ቀን ማታ እህል አልቀመሰችም።

ግርማ ስድስት ሳምንት አፉ በብረት ሽቦ ታስሮ ሾርባ በስትሮ ሲመጥ ከረመ። ሽቦው ሲፈታ መንጋጋው ወደ ግራ ተጣሞ ቀረ፤ ቃላቱም በአንድ ወገን እየሾለኩ ይወጡ ጀመር። የሠፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ሀይለገብርኤል ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጧቸው።

«ልጆቼ፣ አባቶቻችን ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ይሉ ነበር» አሉ። «ስንቱ ጥርሱን፣ ስንቱ ቅልጥሙን በገና ዱላ አጥቶ፣ በማግስቱ ከመታው ሰው ጋር አብሮ ይበላ የለም ወይ? ይህንንም እንደዚያው ቁጠሩት።»

«ጋሼ፣ ገና ያለው በታኅሣሥ ነው» አለ ግርማ በተጣመመ አፉ። «እኔ የተመታሁት በሰኔ ነው። በሰኔ ይቆጣሉ።»

ወንድይፍራው «ይቅርታ» አለ። ነገር ግን ዓይኑ ግድግዳው ላይ፣ ቀኝ እጁም ኪሱ ውስጥ ነበረች። ሽማግሌው ይህን አይተው ሳያስጨብጧቸው ተነሡ።

በቁጣው ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ክብ ሠርተው የተቀመጡትን ሰዎች እየዞረች ትጠይቅ ነበር። «ንዴት ሲመጣ እጅህን ምን ታደርገዋለህ?» አለችው። ወንድይፍራው እጆቹን ገልብጦ አያቸው። በልጅነቱ ጎላ ሠፈር በአናጢው በአቶ ስዩም ቤት ሲማር፣ መጋጠሚያ ባበላሸ ቁጥር ጌታው በብረት ማስመሪያ የጣቶቹን አንጓ ይመቱት ነበር። «አንተ ካላለቀስህ እንጨቱ ያለቅሳል!» ይሉት ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የእጁ መላ ይኸው ነበር፤ ወይ ይሠራል፣ ወይ ይመታል። «ሥራ ልፈልግላት ነው» ብሎ መለሰላት።

ሥራውን ያመጣው ሾፊቅ ነው። ሾፊቅ የባንግላዴሽ ሰው ነው፤ ታክሲውን እዚያው ማቆሚያ ያቆማል፤ እሑድ እሑድም ከአገሩ ልጆች ጋር ክሪኬት የሚሉትን፣ ኳስ በጠፍጣፋ ዱላ የሚመታበትን ጨዋታ ይጫወታል። አንድ ቀን የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍቶ እጀታው የተሰበረ የክሪኬት ዱላ አሳየው። ወንድይፍራው እያገላበጠ ሳቀ።

«ይሄ የገና ዱላ ነው፤ የጭነት መኪና ሄዶበት ነው እንጂ!»

በኮላ አጣብቆ፣ በሲባጎ ጠምጥሞ መለሰለት። ዱላው ሳይሰበር ክረምቱን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ ሾፊቅ አላስቀመጠውም። ለቡድኑ በሙሉ በእጅ የተሠራ ዱላ እንዲሠራለት፣ እንጨቱን ከእንግሊዝ አገር እንደሚያስመጣለት እየማለ ወተወተው። እንጨቱ አኻያ ነው፤ አገር ቤት በወንዝ ዳር የሚበቅለው የአኻያ ዘመድ። ቀላል ነው፤ ግን ልበ ጠንካራ ነው።

ቦታው ተገኘ፤ ፒኮ ሮበርትሰን ሠፈር ውስጥ ከሚከራዩት ቤት ጀርባ ያለው አሮጌ ጋራዥ። ችግሩ መሣሪያው ነበር። የክሪኬት ዱላ መሣሪያ ሁሉ ሰው ይገድላል። መጥረቢያ ያስፈልጋል፤ በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ደረት እየተሳበ የሚልግ ረጅም ስለትም ያስፈልጋል፤ መሮና ሞረድ አለ። ቅጣቱን የምትከታተለው የፕሮቤሽን ኦፊሰር ደግሞ ጋራዡን አይታ «ስለት ያለው ነገር እዚህ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ከዚህ ውጪ በእጅህ ካገኘሁ ግን አለቀልህ» ብላው ሄዳለች። ስለዚህ ሰው ሲሞት ወይም ሱቅ ሲዘጋ ዕቃ ወደሚሸጥበት ቤት ሁሉ ወንድይፍራው በአውቶቡስ እየሄደ መሣሪያ ይመርጣል፤ ስለቱን ግን ሾፊቅ በታክሲው ያመጣለታል። መጥረቢያው ከኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት እንደ ክቡር ተሳፋሪ መጣ። ባለሁለት እጀታው ስለት ከአንድ የሞተ አናጢ ቤት ተገኘ፤ ወንድይፍራው ሲስለው አውራ ጣቱን እስከ አጥንቱ ድረስ ከፈተው። ደሙን ጠርጎ «ጥሩ ብረት ነው» አለ።

ብዙ ወራት የፈጀበት ሞርሳው ነው፤ እንጨት ነክሶ የሚይዘው የብረት መንጋጋ። ትንንሹ ሁሉ አልበቃው አለ። በመጨረሻ ካልቨር ሲቲ ውስጥ ለፊልም ቤቶች ዕቃ ይሠራ የነበረ አንድ ሱቅ ሲዘጋ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የማይሸከመው ጥቁር ሞርሳ አገኘ። ከመኪና ሲያወርዱት ከእጃቸው አምልጦ የሾፊቅ እግር አውራ ጣት ላይ ወደቀና ጥፍሩን ይዞት ሄደ። ለተማርያም የታክሲ ነጂውን ጫማ በደም ተሞልቶ ስታይ አማተበች።

«ይሄ ብረት ደም ቀምሷል፤ ወንድዬ፣ መልሰው!»

«ብረት ምን ያውቃል?» አለና ወፍራም ጠረጴዛ ላይ በአራት ብሎን አሰረው።

አኻያው መጣ። ወንድይፍራው በመጥረቢያ ጠረበው፣ ላገው፣ እጀታውን ሰክቶ አጣበቀ። የመጨረሻውን ሥራ ያስተማረው ሾፊቅ ነው። አዲስ ዱላ ኳስ ከመንካቱ በፊት ፊቱ በእንጨት መዶሻ ለሰዓታት መደብደብ አለበት፤ ያለዚያ በመጀመሪያዋ ኳስ ይሰነጠቃል። ወንድይፍራው ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። መትቶ የማይከሰስበት ነገር አገኘ! ከሥራ መልስ እየገባ ይደበድበው ጀመር። በአኻያው ነጭ ፊት ላይ አንዳንድ ቀን አቶ ስዩምን ያያል። ብዙውን ጊዜ የሚያየው ግን ግርማን ነበር፤ እናቱን የሰደበበትን አፍ። ያን አፍ ዳግመኛ፣ ሦስተኛ፣ መቶኛ ጊዜ ይመታው ነበር። ከግቢው ማዶ ያለው ጎረቤት በመስኮቱ ይጮሃል፤ ወንድይፍራው አይሰማውም።

በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ አምስት በገባ በሰባተኛው ቀን ገና ሆነ። ለተማርያም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ወጧን እያሞቀች ሳለ መዶሻው ከጋራዡ ተሰማ።

«ዛሬ እንኳ ተው፤ ሰው ምን ይላል?» ብላ ጮኸች።

«በገና ዱላ መያዝ ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?» አላት ወንድይፍራው።

ያን ጊዜ የጋራዡን በር ከፍቶ የገባው ግርማ ነው። ነጭ ለብሷል፤ ውስኪ ውስኪ ይሸታል።

«እንኳን አደረሰህ» አለ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን።» ወንድይፍራው መዶሻውን አስቀመጠ።

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ገና ነዋ።»

«ዛሬ ይቆጣሉ?»

ወንድይፍራው ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ግርማ ከጥጉ ያልተላገ የአኻያ ጉማጅ አንሥቶ ነበር። የመጀመሪያው ምት ግራ ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ምት መሣሪያ የተሰቀለበትን ሰሌዳ አፈረሰው፤ መሮውና ሞረዱ እየጮኸ ሲሚንቶው ላይ ዘነበ። ሦስተኛው ጎድኑን ሲያገኘው ትንፋሹ ከአፉ ወጥታ አልመለስ አለች።

«አንሣ እንጂ!» ይላል ግርማ፣ ምራቁ በተጣመመው አፉ እየወረደ። «ዛሬ ጌታ የለም፣ ፕሮቤሽን የለም! ዓመት ተኩል ይህን ቀን ስቆጥር ነው የኖርኩት። አንሣ፣ ወንድ አይደለህም?»

የወንድይፍራው ቀኝ እጅ ማንንም ሳታስፈቅድ መጥረቢያውን አገኘችው። ያን ዕለት ጠዋት የሳለው ነው። የአናጢ ዓይን ክፉ ነው፤ የግርማ ግንባር የት ጋ እንደሚፈለጥ ወዲያው ታየው። ወዲያውም ያ የዝግባ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ጮኸ፤ ጠበቃው ያለው አውሮፕላንም ተከትሎት ጮኸ። መጥረቢያውን ጣለ። እጁ ግን አልተመለሰችም፤ አሁን ወደ መዶሻው ትሄድ ነበር። ያን ጊዜ ወንድይፍራው እጁን በሞርሳው መንጋጋ መሐል ከተታትና በግራው ዘንጉን ጠመዘዘ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። አጥንቱ እርስ በርሱ ሲፋጭ ተሰማው። ሦስተኛውን ዙር እየጮኸ ጠመዘዘው።

የግርማ አራተኛ ምት አየር ላይ ነበረና ከሞርሳው ሾልከው በወጡት ጣቶች ላይ ወረደ። ድምፁን ሁለቱም ሰሙት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ግርማ። ድምፁ ተለውጧል።

«አሰርኳት።»

«ማንን?»

«የመታችህን። በል ጨርስ፤ ገና አልመሸም።»

ግርማ ጉማጁን እንደያዘ ቆመ። «አንተ ሰውዬ... አብደሃል?»

በዚህ ጊዜ ነው ሁለት ፖሊሶች ሽጉጥ መዝዘው የጋራዡ አፍ ላይ የደረሱት። ጎረቤቱ ደውሏል። «ጣል! ጣል!» ይላሉ በእንግሊዝኛ። ግርማ ጀርባውን ሰጥቷቸው ስለነበር ጉማጁን ከፍ እንዳደረገ ቀስ ብሎ ሊዞር ጀመረ።

«ግርማ!» ብሎ ወንድይፍራው በመጨረሻ ትንፋሹ ጮኸ። «አትዙር! ጣለው! በእናትህ ሞት፣ ጣለው!»

እንጨቱ ወደቀ። ግርማም በጉልበቱ ተንበረከከ፤ እጁን ወደ ኋላ አሰሩት። አንደኛው ፖሊስ መሬት ላይ የሚያብለጨልጨውን መጥረቢያ አየና «ማን ነው ቀድሞ የመታው?» ብሎ ጠየቀ። «በመጥረቢያ መጣብኝ» ብሎ መናገር ለግርማ በቂ ነበር። ወንድይፍራው ይህን ያውቃል፤ ግርማም ያውቃል። ግርማ መጥረቢያውን አየ፤ ከሞርሳው አፍ ደም እየተንጠባጠበ ሲወርድ አየ።

«ጌም» አለ።

«ምን?»

«ጌም ነው ሰር። የክሪስማስ ጌም። በእኛ አገር በዚህ ጌም ማንም አይቆጣም።»

«ክሪስማስ እኮ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው» አለ ፖሊሱ።

ለተማርያም ጭልፋ እንደያዘች ከጓሮ ብቅ አለች። «የእኛ ዛሬ ነው!»

«አንተስ፣ መክሰስ ትፈልጋለህ?»

«ኖ ሰር» አለ ወንድይፍራው ላብ እያጠመቀው። «ጌም ነው።»

ፖሊሶቹ ሁለቱን ለያይተው ጠየቁ፣ ሰውነታቸውን አገላብጠው አዩ፣ ስም ጻፉ። በግርማ ላይ አንድ ጭረት አጡ፤ ክሰስ የሚሉትም አልከስም አለ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ካቴናውን ፈትተው፣ አምቡላንስ እንዲመጣ ጠርተው፣ እስኪደርስ እጁን እንዳይነኩት አስጠንቅቀው ወጡ። ግርማ ሮጦ የሞርሳውን ዘንግ ያዘና ባለ በሌለ ኃይሉ ጠመዘዘው።

ወንድይፍራው ሠፈር የሚያናጋ ጩኸት ጮኸ። «ወደ ግራ! አንተ አህያ፣ ወደ ግራ!»

«ይቅርታ! ይቅርታ!» አለ ግርማ፣ በድንጋጤ እያለቀሰ ዘንጉን ወደ ሌላው ሲያዞር። ወንድይፍራውም ተስፈንጥራ የወጣች እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ «እኔንም ይቅር በለኝ» አለው። በዚህኛው ጊዜ እጁ ኪሱ ውስጥ አልነበረችም።

የፕሮቤሽን ኦፊሰሯ በሳምንቱ መጥታ በጀሶ የተጠቀለለውን እጅ ብዙ አየችው። «ማንን መታህ?» አለችው። «ማንንም» አላት። የፖሊሱን ወረቀት ደግማ አነበበችና ሄደች።

ከተሰበሩት ጣቶቹ ሁለቱ ተጣመው ነው የዳኑት። የሾፊቅ ቡድን ደግሞ ዱላውን ለመጋቢት ይፈልገው ነበር፤ መዶሻ የሚይዝ እጅ ግን በቤቱ አልነበረም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ ታክሲውን መግቢያው ላይ ሳይሆን በደንቡ መሠረት ፓርክ እያደረገ፣ ግርማ መምጣት ጀመረ። ወንድይፍራው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዝዛል፤ ግርማ እጅጌውን ሰብስቦ ይደበድባል።

«ጠንከር! ጠርዙንም አትርሳው! ምነው፣ ያን ቀን እንዲህ ነበር የመታኸኝ?»

«ዝም በል፤ ያን ቀን በዓል ነበር» ይላል ግርማ፣ መዶሻውን ሳያቆም።