የእማማ ባሎቴ ግሉኮስ

በሚሊኒየሙ ዓመት ሶዶ ውስጥ አንድ ሆስፒታል በነርስነት ተቀጥሬ ነበር። ገና አዲስ ስለሆንኩ የታዘዝኩትን ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አቶ አንጁሎ የሚባሉ ገበሬ መጡ። የእግራቸው ቁስል አመርቅዞ ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገብቷል፤ ግፊታቸውም ወርዷል። ሐኪሙ ግሉኮሱ ቶሎ ቶሎ እንዲገባ አዘዘ። የመጀመሪያው ሲያልቅ ግፊታቸው ትንሽ ተሻሻለ፤ ሁለተኛውን ሰቅዬ ለቀቅኩት።

ተመልሼ ሳይ ተዘግቷል። ከፈትኩት። ዞር ብዬ ስመጣ እንደገና ተዘግቷል። አጠገባቸው ያሉት ባለቤታቸው እማማ ባሎቴ ብቻ ናቸው።

"እማማ፣ ይሄን ማን ነው የሚዘጋው?"

"እኔ እንጃ ልጄ። አንተ ግን ርቦህ ነው የምትቆጣው" ብለው የተቀቀለ ጎደሬ እጄ ላይ አስቀመጡ። ጎደሬያቸውን እየበላሁ መቆጣት አቃተኝ።

በዚህ መሃል ሐኪሙ መጥቶ የአቶ አንጁሎን ደረት አዳመጠ።

"ልባቸው ደክሟል፣ ሳንባቸውም ውሃ መያዝ ጀምሯል። ይሄ ሁሉ ቢገባ ኖሮ አይችሉትም ነበር። እንኳን ዘጋኸው" አለኝ።

አፌ በጎደሬ ስለተሞላ በአገጬ ወደ እማማ ጠቆምኩ።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ "እማማ፣ ልባቸው እንደደከመ በምን አወቁ?" አላቸው።

"የምን ልብ?" አሉ። "ነገ እህቶቹ ከገሱባ ሊጠይቁት ይመጣሉ። ግሉኮስ ተሰቅሎ ካላዩ፣ ሚስቱ ሳታሳክመው ቀረች ብለው ያሙኛል። ለእነሱ ነው ያስቀመጥኩት።"