የሚስቴን እጅ የወደደው ሰውዬ

የሚስቴ ታናሽ እህት የድሮ ፊልም ተዋናይ ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ኮከቧ» ይላታል፤ እኔም ፊት ለፊቷ እንደዚያው እላታለሁ፣ ዞር ስትል ሌላ ስም አላት። ባለፈው ወር የሕይወት ታሪኳን አሳትማ አንድ ቅጂ ፈርማ ላከችልን። የሚስቴ ዓይን ደክሟል። መርፌውን በዳሰሳ ታስኬደዋለች፣ ፊደል ግን በዳሰሳ አይነበብም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ እሷ እየሰፋች እኔ ጮክ ብዬ እንዳነብላት ተስማማን።

ሁለታችንም ልብስ ሰፊዎች ነን። ሱቃችን አንድ ክፍል ናት። እኔ በሩ ጋ በመኪና እሰፋለሁ፤ እሷ መስኮቱ ሥር የእጅ ሥራውን ትሠራለች፣ ቁልፉን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን፣ ጠርዙን። ከተጋባን ሠላሳ ስምንት ዓመታችን ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ኮከቧን ያሳደገቻት እሷ ናት። ለመጀመሪያው የተዋናይነት ፈተና የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋችላትም እሷ። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ ሁሉ አንድ ገጽ አልሞላም። እኔማ «ደግ ልብስ ሰፊ አገባች» ተብዬ በአራት ቃል ታልፌያለሁ። ቆጨኝ፣ ግን አብረን ሳቅን።

ሳቄ የጠፋው የፍቅሩ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ባሌ መጀመሪያ የወደደው ፊቴን አልነበረም። ልብስ ሰፊ ሆኜ በሠራሁበት ፊልም ውስጥ ቁልፍ የሚሰፉትን እጆች ነው። ፊልሙን በኤዲተርነት ቆርጦ የቀጠለው እሱ ስለነበር፣ ክፍል ዘግቶ ሳምንት ሙሉ ሲያያቸው ከርሟል። እጆቹ በግራ ነበር የሚሰፉት፤ ከተጋባን በኋላ እኔ ግራኝ እንዳልሆንኩ ልብ አለ። የማን ናቸው አለኝ፤ የእህቴ ናቸው አልኩት። ከዚያ ወዲህ ያንን ፊልም ባየ ቁጥር እኔ ከክፍሉ እወጣ ነበር።»

ይህን ጮክ ብዬ አላነበብኩትም። ዓይኔ ቀድሞ አይቶት ነበርና፣ ገጾቹ ተጣብቀዋል ብዬ ዘለልኩት። ሚስቴ መርፌዋን በግራ እጇ እንደያዘች ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

ቅናት በስልሳ አምስት ዓመት ይይዛል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ያውም በሞተ ሰው። ሰውዬው ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀብሩ ላይ አልቅሻለሁ፣ አሁን ያ እንባ ራሱ አንገበገበኝ። ድሮ ከቁም ነገር ያልቆጠርኩት ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣብኝ ጀመር። ሱሪ ለማሳጠር የማይመጣበት ወር አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ሱሪ የሚረዝምበት ሰው ምን ዓይነት ነው፣ ቁመቱ እየሟሟ ነው እንዴ? ለዚያውም ጠርዙ በእጅ ይሰፋልኝ ይል ነበር፤ በመኪና አይሆንም። ከዚያ መስኮቱ ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ከእኔ ከቂሉ ጋር ስለ ዝናብ እያወራ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ወሬው ከእኔ ጋር ነው፤ ዓይኑ የት ነበር?

ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ሚስቴ አቧራ ስትጠርግ መለሰችው፤ ደግሜ አዞርኩት። በሦስተኛው ቀን የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ አገላብጬ ገጠምኩ፣ የግራውን በቀኝ። ሚስቴ ኮቱን ተቀብላ ስፌቱን እየፈታች ምን ነካህ አለችኝ።

መጽሐፉን አነሳሁና የዘለልኩትን አነበብኩላት።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አንድ ቀን ነግሮኛል። እጅሽን ፊልሙ ላይ አይቼዋለሁ አለኝ፣ እሺ አልኩት። ሌላ ነገር አልነበረም።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

ለእህቷ ምላ እንደነበር ነገረችኝ። ፊልም ሠሪዎቹ ኮከቧ ራሷ የሰፋች እንዲመስል ስለፈለጉ፣ ለሰው እንዳትናገር አስምላታለች። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጠዋት፣ እህቴን አሟታል ብላኝ ሄዳ ነው የተቀረጸችው። ይህን ብላ ኮቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«የማልኩት ላልናገር ነው። አንተ ራስህ አይተህ ካወቅከው ግን መሐላ አላፈረስኩም። ፊልሙ የወጣ ጊዜ ሲኒማ ቤት ጎትቼ የወሰድኩህ እኔ ነኝ። እጄ ግድግዳ አክሎ ፊትህ ተዘርግቷል። በየቀኑ ፊት ለፊቱ የምትቀመጠው እጅ። አሁን ያውቀዋል፣ አሁን ያውቀዋል እያልኩ ልቤ ሊወጣ ነበር። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

ባላስታውስ ደስ ባለኝ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «እህትሽ ስፌት የት ተማረች? ካንቺ ትሻላለች» ብያት ነበር።

ኩም አልኩ። ሦስት ቀን ያጠራቀምኩት ንዴት የት እንደገባ አላውቅም። ተነስቼ በርጩማዋን ሳብኩና መስኮቱ ሥር አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን ፈለግክ አለችኝ። ሱሪ ላሳጥር ነው፣ ጠርዙ በእጅ ይሁንልኝ አልኳት። አልሳቀችም። መቀሷን በግራ እጇ ይዛ የእጅጌውን ክር አንድ በአንድ መፍታት ቀጠለች፣ እኔም አየሁ። አውራ ጣቷ ላይ፣ ከጥፍሯ ሥር፣ የማላውቀው ጠባሳ አለ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። ያ ሰውዬ ግን ያውቀው ነበር።