ድዳ ፌንጣዎች

ሺገኖቡ አርባ ዓመት ሙሉ በጃፓኗ ሐማማትሱ ከተማ ፒያኖ ሲቃኝ ኖሯል። በጆሮው የበላ፣ በጆሮው የተከበረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አላስቻለውምና ኮምፒውተር ተማረ፤ ተምሮም ሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም ጻፈ። ይህ ፕሮግራም ከተቀረጸው ሙዚቃ ላይ ቅንጣት አይቀንስም፣ ቅንጣትም አይጨምርም። በነጻ ለቀቀው፤ አሠራሩንም የፈለገ ገልጦ አይቶ እንዲያርመው ክፍት አደረገው። ያረመ ሁሉ ስሙ ከነሥራው በአራሚዎች ዝርዝር ውስጥ ይሰፍራል።

አይ ኩራት ግን! ባለፈው መስከረም አዲሱን እትም በለቀቀ በሳምንቱ አንድ ሰው ቀጭን ፉጨት ይሰማኛል ብሎ ጻፈለት። ሽቦህን ፈትሽ ሲል መለሰ። ሁለተኛው ጻፈ፤ እሱንም የኮምፒውተርህ ማራገቢያ ነው አለው። ነገር በሦስት ይጸናል፤ ሦስተኛዋ ስትጽፍ ደሙ ፈላ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አዳመጠ። ምንም የለም።

ሚስቱ ፉሳኤ ሻይ ይዛ ገባች። እሷ ለዚህ ሁሉ ልፋት ደንታ የላትም፤ የሷ ፍቅር መስከረም በጠባ ቁጥር ገዝታ እዚያው ክፍል በሣጥን የምታኖራቸው፣ እንደ ቃጭል የሚዘፍኑ ፌንጣዎች ናቸው። ዘንድሮ «ድዳ ፌንጣ ሸጡልሽ» እያለ ሲያሾፍባት ሰንብቷል፤ እሷም ቀልዱን ነው ብላ ትስቅ ነበር። እስቲ አንቺ ስሚው ብሎ ማዳመጫውን አጠለቀላት። ወዲያው ፊቷን አጨማደደች።

«ምንድን ነው የሚያፏጨው?»

ሺገኖቡ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ላይ አነሳ። ከዚያ በአገጩ ወደ ሣጥኑ ጠቆመ። «እነሱስ? አሁን እየዘፈኑ ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ካመጣኋቸው ጀምሮ መቼ ዝም ብለው ያውቃሉ?» አለችና ፊቱን ስታየው ደነገጠች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሱ ደግሞ ከቀጭኑ ድምፅ ጀምሮ ሳይሰናበተው ነበር የሄደው። አለቀሰ፣ ሰው ነውና። ፕሮግራሙን እርግፍ አድርጎ ሊተወው ፈለገ። አርባ ዓመት የሰው ፒያኖ የዳኘ ጆሮ ፉጨት ካልሰማ ከእንግዲህ ምኑን ሊያምን ነው?

ፉሳኤ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «አንተ ፈልግ፤ እኔ እሰማልሃለሁ» አለችው።

እሱ የጻፈውን መስመር በመስመር እየለወጠ «አሁንስ?» ይላታል፤ እሷ «አለ» ትላለች። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው ቀን ሲጠይቃት ማዳመጫውን ጫን አድርጋ «ጠፋ» አለች።

ሺገኖቡ ለሦስቱም ይቅርታ ጻፈ፤ ጥፋቱ የሽቦ ሳይሆን የጆሮዬ ነው አላቸው። ከዚያ በአራሚዎቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ አንድ ስም ከነሥራው ጨመረ፤ «ፉሳኤ፦ ጆሮ» ይላል።