ታልኮ የደፈነው ቀዳዳ

ዛሬ ጠዋት ጓንቴን ሳወልቅ ጣቴ ጫፍ ላይ ደም አየሁ።

ለምርመራ ደም የወሰድኩት ከዓዲ ኣበይቶ መንደር ወደ ክሊኒካችን ከመጣ ሰው ነበር። የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ጣቴ ላይ ጭረት ካለ በሽታው ለእኔም ሊተርፍ ነው።

አብራኝ የምትሠራው፣ ለተብርሃን የምትባል ነርስ፣ ወደ ቧንቧው ወሰደችኝ። በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ። ከዚያ እጄን መስኮቱ ዘንድ አገላብጣ አየችው።

"ጭረት አለ?" አልኳት።

"የለም፤ ቆዳሽ ደህና ነው። አሁን ተንፍሺ፣ ሐፍተይ፣ እህቴ።"

ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ።

ጓንቱን ውኃ ሞልተን ስንጨምቀው ከጣቱ ጫፍ ቀጭን ውኃ ፈሰሰ። ጓንቶቻችንን አጥበን፣ ቀቅለን መልሰን ነው የምንለብሳቸው። ቀዳዳ መኖሩን የምናየው በአፋችን ነፍተን ነው። ይህኛውን ግን የነፋሁት ታልኮ፣ ያንን ጎማው እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ነጭ ዱቄት፣ ከነሰነስኩበት በኋላ ነበር። ለካ ዱቄቱ ቀዳዳውን ደፍኖታል።

ለተብርሃን ሳቀች። "ፊትሽን ተቀብተሽ የማታውቂ ሴት፣ ጓንቱን እንደ ሙሽራ ታስውቢዋለሽ!"

ከእንግዲህ መጀመሪያ በውኃ እፈትናለሁ፤ ታልኮው ይቆየኝ።

እናንተስ የሙያ አጋሮቼ፣ ጓንታችሁን እንዴት ነው የምትፈትኑት? እንዲህ ያለ ድንጋጤ የደረሰባችሁ ንገሩኝ። እኔ ለባለቤቴ እንኳ ገና አልነገርኩትም።