የበዓለ ሃምሳ ሽሮ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ሲመላለስ ሸበተ፤ ወገቡ እንቢ ሲለው መሪውን ለታናሽ ወንድሜ አስረከበ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሦስታችን ነው፤ የሱ፣ የወንድሜና የኔ። እኔ መምህርት ነኝ። ምግብ የማበስለውም እኔው ነኝ፤ ሁለት ሾፌር ባለበት ቤት ሌላ ማን ሊያበስል።

አገሩ ሰላም አጥቶ መንገዱ የተዘጋው ሁዳዴ ተጋምሶ ሳለ ነው። ወንድሜ በዚያው ጠዋት ሚኒባሱን ሞልቶ ወደ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ መኪና እንዳይንቀሳቀስ ተባለ። የሄደ እዚያው ቀረ፤ የመጣም እዚሁ ቀረ። ኔትወርክ አልፎ አልፎ ብቅ ሲል ይደውልልናል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በሆሳዕና ሰሞን ነው። አባቴ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ስለሚይዝ ድምፁን እኔም እሰማለሁ።

"ለፋሲካ እንደምንም ብዬ እገባለሁ" አለ። "አውራ ዶሮውን ሳልመጣ እንዳትነኩት። ያቺ ልጅህ ፈረሰኛውን ቀድማ እንዳትደብቀው።"

አባቴ ሳቀ። እኔም "ራስህ የምትበልተው ከሆነ ና" አልኩት ከሩቁ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፤ ኔትወርኩም ጭራሹን ጠፋ።

ከተማው መኪና ሲያጣ ግን አማረበት፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እዋሻለሁ። ቤታችን ከዋናው መንገድ ዳር ነው። የሳምንት አቧራ ይጠጣ የነበረው መጋረጃዬ ንጹሕ ሆኖ ሰነበተ። ልጆች ጎማ ይሽከረከርበት በነበረው መንገድ ላይ የኳስ ግብ ተከሉ፤ ሴቶች ባዶው መናኸሪያ ውስጥ ገብስ አሰጡ። ማታ ማታ መምህሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ጋቢና ፎጣውን ደርቦ ይወጣል። አራት አምስት ሆኖ መንገዱን ሞልቶ ሲሄድ ጥሩንባ የሚነፋበት የለም። ሰው ከሰው ጋር እስኪጠግብ ሰላምታ ይለዋወጣል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል እንኳ ከየትኛው ደብር እንደሆነ ይለያል።

አባቴን እየደገፍኩ አብሬው እወጣለሁ። ከተማውን የሚያውቀው በመስታወት ነው፤ በእግሩ ሲሄድበት አዲስ አገር ሆነበት። "እዚህ ጋ ይሄን የመሰለ ጥድ ነበር እንዴ?" ይላል ቆሞ። "ስታልፈው የኖርከው ጥድ ነው" እለዋለሁ። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ከልማዱ የተነሣ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል፤ ማን ይከተለው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ለኔ ጊዜ ኖሮት አብረን ስንራመድ ያን ጊዜ የመጀመሪያችን ነው።

የእግር ጉዟችን ግን ሁሌም የሚያበቃው የደብረ ብርሃኑ መንገድ ከተማ የሚገባበት ጫፍ ላይ ነበር። እዚያ ሲደርስ ይቆማል። እኔ ሜዳውንና ጀምበሯን አያለሁ፤ እሱ ያዳምጣል። የሞተር ድምፅ ከየትኛው ዳገት ላይ እንደሚሰማ ስለሚያውቅ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያዳምጠው። ነፋስ ብቻ ነው የሚመጣው። "ነገ" ይላል፤ እንመለሳለን።

ወደ ቤታችን የሚገባው ምግብም በሰው እግርና በአህያ ጀርባ የመጣ ብቻ ሆነ። ዘይት ከሱቅ ጠፋ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልቼ ሽሮ መሥራት ለመድኩ። ሱፍ ከመርሐቤቴ ቆላ በአህያ ሲመጣ ወቅጬ እፈተፍታለሁ፤ ተልባ የደጋችን ነው፤ ምስሩና ባቄላውም አልጠፋም። ስልጆ ስጥል አባቴ ማሰሮውን ከፍቶ እያሸተተ "ደርሷል፣ አልደረሰም" ይላል፤ ስለ ስልጆ የሚያውቀው ነገር የለም። ከቀድሞው የዘይት ምግባችን ይልቅ ያን ጊዜ የበላነው ይጣፍጠኝ ነበር። ሦስተኛው ሰው ቢኖር ኖሮ ሌላ ምን እፈልግ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ከቅዳሴ ስንመለስ ከየቤቱ የዶሮ ወጥ ይሸታል። የእኛ አውራ ዶሮ ግን ጓሮ ታስሮ ይጮኻል። ወንድሜ አልመጣም። ቢላዋውን ይዤ "የሚያርድ ሰው ልጥራ?" ስለው አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

"ሳልመጣ እንዳትነኩት ብሏል።"

"እሺ፣ እንቁላልስ? እርጎስ? እሱ ዶሮውን ነው ያለው።"

"ሁሉም ያው ነው። አብረን እንገድፋለን። ሽሮ የለም?"

ሽሮ ነበረ። ሞልቶ። በትንሣኤ ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ሲገድፍ፣ አባቴና እኔ የሁዳዴን ሽሮ በላን። ብቻውን እንዳይበላ ብዬ ነበር አብሬው የበላሁት። በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ። አባቱ ሽሮ እየበላ እፊቱ ቅቤ የሚያወርድ ጉሮሮ የት ይገኛል?

የንስሐ አባታችን ነገሩን ሰምተው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጣቸው ግን አላረጀም። ገበታው ላይ ያለውን አይተው መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

"በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም! ረቡዕና ዓርብ እንኳ የሚበላበት ወቅት ነው። ጌታ ተነሥቶ ሳለ አንተ ማንን ትቀብራለህ?"

"ጾም አይደለም አባ" አለ አባቴ። "የልጅ አደራ ነው።"

"አደራ በትንሣኤ ላይ አይሠለጥንም።"

"እንግዲህ እርስዎ ይፍቱኝ። ሆዴ ግን እንቢ አለ።"

እንዲቀምሱ ሳቀርብላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። "ከዚህ ገበታ ብቀምስ አጽድቄለት መሄዴ ነው" ብለው ባርከው ወጡ። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ መጡ፤ በየሳምንቱ ተቆጡ፤ አንድ ቀንም ጣታቸውን አላስነኩም። ጎረቤታችን የሆኑ እናት ደግሞ በየጊዜው አይብ ይዘው ብቅ ይላሉ። "አንቱ ሰውዬ፣ ልጁ ሲመጣ አጥንትዎን ነው የሚያገኘው፤ ይቅመሱ" ይሉታል። አባቴ ያመሰግናል፤ አይቡን ለኔ ያስተላልፋል፤ እኔም መልሼ ለሳቸው እሰጣለሁ። እንዲህ እየተሳሳቅን ነበር የምንጠብቀው። እሱ እየከሳ ሄደ፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት።

መንገዱ ተከፈተ የሚል ወሬ ስንቴ ተወራ፤ ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፣ እኔም ማመን ትቼ ነበር። በዓለ ሃምሳው ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ የመኪና ጥሩንባ ሰማሁ። ተማሪዎቹ በመስኮት ተንጠላጠሉ። እኔም ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። አባቴ ቀድሞኛል። በሾፌርነቱ ዘመን መኪናውን ያቆምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ለብሶ ቆሟል። የሚገባውን መኪና ሁሉ ሰሌዳውን ሳይሆን ሾፌሩን ያያል። የወንድሜ ሚኒባስ የለም።

ሾፌሮቹ አብዛኞቹ በሱ እጅ ያደጉ ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከበው ያሾፉበት ነበር። ያን ቀን አንዱ መጥቶ ጉልበቱን ሳመ፤ "ከኋላ የቀሩ አሉ" አለና ቀና ሳይል ሄደ። ሌሎቹ ጎማ የሚያዩ መሰሉ። አባቴ "ደክሟቸዋል" አለኝ። ወደ ቤት ተመለስን፤ እኔም ድስት ጣድኩ።

ገና ሳይጨልም የንስሐ አባታችን መጡ። ከኋላቸው ጎረቤታችንና ሁለት የእድር ሽማግሌዎች አሉ። ያ ቁጣ ሊጀመር ነው ብዬ ሽሮውን ለመደበቅ ቃጣኝ። ጎረቤታችን የያዙት ሳህን አይብ አልነበረም። ስልጆ ነበር፤ የጾም ምግብ። ከሽሮው ጎን አደረጉት።

ካህኑ ተቀመጡ። ገበታውን ባረኩ። ከዚያ እንጀራውን ቆርሰው፣ ያንን ሲያወግዙት የኖሩትን ሽሮ ጠቅሰው ጎረሱ። ሁለተኛውን ጠቅልለው ለአባቴ አጎረሱት። "ብላ ልጄ" አሉት። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

እኔ የእጅ ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በአገራችን ለባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም። የሚያረዱህ ሰዎች መጀመሪያ ያበሉሃል፤ ተኝተህ እንድታድር ይተዉሃል፤ ሲነጋ ይነግሩሃል። ቁጡው ካህን ስለ ጾሙ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሲበሉ ሳይ ወንድሜ እንደሌለ ገባኝ። ግድግዳውን ተደገፍኩ። እንዳላለቅስ የአባቴን ፊት ማየት ተውኩ።

አባቴ በላ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደዚያ ሲበላ አላየሁትም። ያጎረሱትን ጎረሰ፤ የቀረበለትን ጨረሰ፤ ስልጆውንም ጠረገው። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፤ አስታጠብኩት። ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ቀና ብሎ ካህኑን አያቸው።

"በልቻለሁ አባ። እንግዲህ ንገሩኝ።"

"ሲነጋ እንጨዋወታለን ልጄ።"

"እስኪነጋ ማን ሊተኛ ነው?"

ነገሩት። ወንድሜ በጸሎተ ሐሙስ፣ ዋናው መንገድ ቢዘጋበት፣ ለፋሲካ ለመድረስ ብሎ በቆላው በኩል ባለው የጥርጊያ መንገድ ብቻውን ተነሣ። ቁልቁለት ላይ ሚኒባሱ ተገለበጠ። ያገኙት ያገሬው ሰዎች በቅርብ ባለ ደብር ቀበሩት፤ ለማን እንደሚልኩ አላወቁም፤ ቢያውቁም መንገድም ስልክም የለም። አባቴ ማታ ማታ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ የነበረው ልጁ ከተቀበረ በኋላም ነበር።

አባቴ አልጮኸም። ጠየቀ።

"የመኪናው ፊት ወዴት ነበር?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከሾፌሮቹ ወሬውን የሰማው አንደኛው፣ "ወደዚህ ነበር። ወደ ቤት" አለ።

ያን ጊዜ ነው አባቴ ጋቢውን ራሱ ላይ ያደረገው። እኔም ጮህኩ፤ ደጅ ሆነው ሲጠብቁ የነበሩት ጎረቤቶች ገቡ።

ለቅሶው አለፈ። በዓለ ሃምሳ ወጥቶ የሐዋርያት ጾም ገባ፤ ሰው ሁሉ ስለሚጾም የአባቴን ሽሮ ልብ የሚል አልነበረም። ያም ጾም ተፈታ፤ አባቴ ግን ከሽሮው አልወጣም። ካህኑ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ "አደራው ወርዷል ልጄ፤ ልጅህ እንግዲህ አይመጣም" አሉት ቀስ ብለው። አባቴ "እየመጣ ነበር አሉኝ እኮ አባ" አላቸው። እሳቸውም መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ።

እኔ ተናደድኩ። በሟቹም፣ በመንገዱም፣ በአባቴ ግትርነትም ተናደድኩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እንቁላል ገዝቼ ገባሁ፤ በቅቤ ጠበስኩት፤ ሽሮውን ለሱ፣ እንቁላሉን ለኔ አቀረብኩ። አባቴ አየው፤ አልተቆጣም። እንጀራውን ወደኔ ገፋ አደረገልኝ።

"ብዪ። አንቺን ማን ከለከለሽ" አለና እንዳላፍር ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። በመንገዱ መኪና ያልፋል፤ መጋረጃው አቧራ ጠጥቷል።

እንጀራውን ቆረስኩ። እንቁላሉ ላይ ሳደርሰው እጄ ቆመ። ያንን ጉርሻ መጉረስ ማለት ወንድሜ አይመጣም ማለት ነበር፤ ለቅሶው ላይ ስጮህ እንኳ እንዲህ አላልኩም። እንቁላሉን ለድመቷ ደፋሁላትና ከአባቴ ሽሮ ጠቅሼ በላሁ።